መሪውን ተዉት፦ ባለሁለት ሞተር ጀልባ በዝግታ ስትሄድ በምን ትታዘዛለች?

[ምስል፦ ከላይ የተቀረጸ። በሁለት ረድፍ በታሰሩ ጀልባዎች መካከል አንዲት ነጭ ጀልባ በዝግታ ትገባለች።]

ይቺን ጀልባ ተመልከቱ። ግራንድ ባንክስ 42 ትባላለች። ርዝመቷ 13 ሜትር ገደማ፣ ወርዷ ከ4 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ ክብደቷም ከ15 ቶን በላይ ነው። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ የኖረ ነው፤ ብዙዎቹ ከወለላቸው ሥር ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የናፍጣ ሞተሮች አሏቸው። አሁን በሰው እርምጃ ፍጥነት እየሄደች ነው። ግራና ቀኟ የሰው ንብረት ነው፤ ከፊቷ ግንብ አለ። ካፒቴኑ ወደ ቀኝ መታጠፍ ፈልጎ መሪውን እስከ ጥጉ አዞረው። ጀልባዋ ግን ምንም እንዳልተነገራት ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

የተበላሸ ነገር የለም። መሪው የሚያዘው ዕቃ በዚህ ፍጥነት ጉልበት ስለሌለው ነው።

[ምስል፦ ከውሃ በታች። ሁለት ፕሮፔለሮች፣ ከእያንዳንዳቸው ጀርባ አንድ ሰሌዳ።]

ከጀልባዋ ኋላ፣ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባዋን ከሚገፋው ከእያንዳንዱ ፕሮፔለር ጀርባ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰሌዳ አለ። መሪውን ስናዞር ወዲያና ወዲህ የሚለው እሱ ነው፤ የመሪ ሰሌዳ እንበለው። ሰሌዳው በራሱ ጀልባ አይገፋም፤ የሚገፋው በጎኑ የሚያልፈው ውሃ ነው። ውሃው ሲያዘግም ጉልበቱ ይወድቃል፣ ያውም ከፍጥነቱ በባሰ ሁኔታ። ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ፍጥነት ወደ ሲሶ ሲወርድ ከጉልበቱ የሚቀረው ከዘጠኝ አንድ እጅ ብቻ ነው። በኋላ ማርሽ ደግሞ ይብሳል፤ ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ፊት ስለሚወረውር ከጀርባው ያለው ሰሌዳ ላይ የሚያርፍ ብርቱ ውሃ የለም።

ስለዚህ ወደብ ውስጥ ስትገቡ መሪውን መሃል ላይ አድርጋችሁ ተዉት። ከዚያ በኋላ መሪያችሁ ሁለቱ የማርሽ እጀታዎች ናቸው።

መሃሉን ማወቅ ግን ግድ ነው። የጀልባ መሪ ከጥግ እስከ ጥግ ብዙ ዙር ስለሚዞር በዓይን ብቻ አይታወቅም። በቆዩ ጀልባዎች ላይ ከመሪው ዘንጎች አንዱ ጫፉ ላይ ቀጭን ገመድ ተጠምጥሞበት ታያላችሁ። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። ያ ዘንግ ወደ ላይ ሲቆም ሰሌዳዎቹ ቀጥ ብለዋል ማለት ነው፤ በጨለማም በእጅ ይዳሰሳል። ጀልባችሁ ይህ ከሌላት ዛሬውኑ ክር እሰሩበት። ሰሌዳው ሳታውቁት ተጣሞ ከቀረ፣ ወደ ፊት ማርሽ ባስገባችሁ ቁጥር የፕሮፔለሩ ውሃ እሱን እየመታ ጀልባዋን ወዳላሰባችሁት ጎን ይወስዳታል፤ እናንተ ግን ጥፋቱን እጀታዎቹ ላይ ትፈልጋላችሁ።

[ምስል፦ እጆች በእጀታዎቹ ላይ። ሁለቱ የማርሽ፣ ሁለቱ የነዳጅ።]

በእንዲህ ዓይነቷ ጀልባ ላይ በብዛት ማርሹ ለብቻ፣ ነዳጁ ለብቻ ነው። ነዳጁን ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ ሳይጠፋ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር ላይ፣ ተዉትና እጃችሁን ከእሱ ላይ አንሱ። የቀሩት ሁለት እጀታዎች ሦስት ሦስት ቦታ አላቸው፦ ወደ ፊት፣ ፍሪ (ሞተሩ ፕሮፔለሩን የማያዞርበት)፣ ወደ ኋላ።

አሁን የግራውን ወደ ፊት፣ የቀኙን ወደ ኋላ አስገቡ። የግራው ፕሮፔለር ግራ ጎኗን ወደ ፊት ይገፋል፣ የቀኙ ቀኝ ጎኗን ወደ ኋላ ይጎትታል። አፍንጫዋ ወደ ቀኝ መዞር ይጀምራል። መንገድ ሥራ ላይ ዶዘር ሲዞር ያየ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል፤ አንዱ ሰንሰለት ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ሲሄድ ዶዘሩ በቆመበት ይዞራል። ወደ ግራ መዞር ስትፈልጉ ገልብጡት።

ልዩነቱ ዶዘሩ መሬት ላይ መቆሙ ነው። ጀልባ በቆመችበት ስትዞር ቀስ እያለች ወደ ፊት ትሸሻለች። የፕሮፔለር ቅጠል ቅርጹ የወጣለት ወደ ፊት ለመግፋት ስለሆነ፣ ሁለቱ ሞተሮች እኩል ቢሽከረከሩም የኋላው ጉልበት ያንሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ወደ ፊት ያለውን ቀድማችሁ ፍሪ አድርጉት፤ ወደ ኋላ ያለውን ትንሽ አቆዩት። ከጎናችሁ ያለ አንድ ምሰሶ መርጣችሁ ተመልከቱ፤ ወደ ኋላ እየቀረ ከሄደ ወደ ፊት እየሸሻችሁ ነው።

[ምስል፦ ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ በድጋፍ ቆማለች። ካሜራው ከኋላ ወደ ሁለቱ ፕሮፔለሮች ይጠጋል።]

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ ደስ የሚለኝ ይህ ነው።

ከኋላ ቆማችሁ ቅጠሎቹን ተመልከቱ። የቀኙና የግራው የሚጣመሙበት አቅጣጫ የተለያየ ነው። ወደ ፊት ማርሽ ሲሆኑ የቀኙ እንደ ሰዓት ዘንግ ይዞራል፣ የግራው በተቃራኒው፤ የሁለቱም የላይኛው ቅጠል ወደ ውጭ ይሄዳል። ይህ የተደረገው በምክንያት ነው። ማንኛውም ፕሮፔለር ከመግፋቱ ሌላ የጀልባዋን ኋላ በትንሹ ወደ ጎን ይወስዳል። በኋላ ማርሽ ጊዜ ጎልቶ ይታያል፤ የሚወረወረው ውሃ እየተሽከረከረ መጥቶ የጀልባዋን ሆድ በአንድ ጎን አብልጦ ይመታል። እንደ ሰዓት ዘንግ የሚዞር ፕሮፔለር ወደ ኋላ ሲገባ ኋላዋን ወደ ግራ ይስባል።

ባለአንድ ሞተር ጀልባ የሚነዳ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ልሂድ ሲል ጀልባዋ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ትሄድበታለች። በእኛዋ ጀልባ ግን ሁለቱም ወደ ኋላ ሲገቡ የአንዱ ስበት የሌላውን ያጠፋዋል፤ ቀጥ ብላ ወደ ኋላ ትመጣለች። አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ሲሆኑስ? ወደ ቀኝ እየዞርን ነው እንበል፤ ኋላዋ ወደ ግራ መሄድ አለበት። ወደ ኋላ የገባው የቀኙ ፕሮፔለር ኋላዋን ወደ ግራ ይስባል። ወደ ፊት የገባው የግራውም ወደዚያው ወደ ግራ ይስባል። የሚያጣላቸው ነገር አይኖርም፤ የጎን ስበቱ ከመዞሩ ጋር ይደመራል። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ የሚዞሩ ቢሆኑ ኖሮ ወደ አንዱ ጎን ስንዞር ስበቱ እየረዳን፣ ወደ ሌላው ስንዞር ደግሞ እየተቃወመን እንቸገር ነበር።

በትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ላይ ግን ሁለተኛው ፕሮፔለር የገባው ለመዞር ሲባል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1888 አትላንቲክን መመላለስ የጀመረችው ሲቲ ኦፍ ኒው ዮርክ የተባለች ትልቅ የመንገደኛ መርከብ ሁለት ፕሮፔለር ነበራት። ከዚያ በፊት የነበሩት ባለአንድ ፕሮፔለር መርከቦች ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ መሃል ባሕር ላይ ቢሰበርስ በሚል ሸራ ይዘው ይጓዙ ነበር። ሁለተኛው ፕሮፔለር ሸራውን አስቀረው።

[ምስል፦ ከላይ። ጀልባዋ ስትዞር ኋላዋ የሚጠርገው ቦታ በቀለም ተሞልቶ ይታያል።]

ብዙ ግጭት የሚደርሰው ካፒቴኑ በማያየው በኩል ነው። ሁላችንም አፍንጫውን እናያለን፤ ግንቡን የሚመታው ግን ኋላው ነው። ጀልባ ስትዞር የምትዞርበት እምብርት አላት። ስትቆም ወደ መሃሏ ይጠጋል፤ ወደ ፊት ስትሄድ ወደ አፍንጫዋ ይሸሻል። ያን ጊዜ ከእምብርቱ በስተኋላ ያለው ረጅም አካል ሁሉ ወደ ውጭ ይጠርጋል። ወደ ኋላ ስትሄድ ደግሞ እምብርቱ ወደ ኋላ ይመጣና የምትጠርገው አፍንጫዋ ትሆናለች። ስለዚህ እጀታ ከመንካታችሁ በፊት ዞር ብላችሁ ኋላችሁን ተመልከቱ።

15 ቶን ቶሎ አይሰማም። ማርሽ አስገብታችሁ አንድ፣ ሁለት ስትሉ ምንም የተፈጠረ አይመስልም። ጀማሪ እዚህ ላይ ነዳጅ ይጨምራል። ከዚያ ጀልባዋ በአንዴ ትነሳበታለች፤ ያንን ለማቆም በተቃራኒው የበለጠ ይሰጣል፤ ወደቡ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ መጮህ ይጀምራል። እናንተ ማርሽ አስገቡ፣ ሁለት ቁጠሩ፣ ፍሪ። ጠብቁ። ምን እንዳደረገች እዩና ካስፈለገ ድገሙት። ከፊት ወደ ኋላ ስትቀይሩም ፍሪ ላይ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆም በሉ፤ ካምቢዮው ያመሰግናችኋል።

ነፋስም በአእምሯችሁ ይኑር። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ጠዋት ያለችግር የገባችሁበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ነው። የእንዲህ ዓይነት ጀልባ አፍንጫ ከውሃው ከፍ ያለ ስለሆነ ነፋሱ መጀመሪያ የሚወስደው እሱን ነው። ከተቻለ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ግቡ።

[ምስል፦ ጀልባዋ ወደቡን በቀኟ ይዛ ትጠጋለች።]

እንግዲህ እናስጠጋት። ወደቡ በቀኝ ነው። አፍንጫዋን ትንሽ ወደ ግንቡ አዘንብላችሁ፣ ማርሽ እያስገባችሁና እያወጣችሁ ተጠጉ። አፍንጫዋ ሊደርስ ሲል የትኛውን ሞተር ወደ ኋላ ታስገባላችሁ? ከወደቡ የራቀውን፣ ማለትም የግራውን። ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፦ ጀልባዋን ያቆማል፤ ኋላዋንም ወደ ቀኝ፣ ወደ ግንቡ ያመጣል። የጎን ስበቱም ወደዚያው ነው። በትክክል ከተሠራ ጎኗ ሙሉ በሙሉ ከግንቡ ጋር ትይዩ ሆኖ ይቆማል፤ ገመድ የያዘው ሰው መዝለል አያስፈልገውም። አደራ፣ ማንም ሰው እጁን ወይም እግሩን በጀልባዋና በግንቡ መካከል አያስገባ። በእግር የሚገፋ ክብደት አይደለም።

ስትወጡ ከፊቷና ከኋላዋ ሌሎች ጀልባዎች ታስረው ከሆነ፣ ከአፍንጫዋ ተነስቶ ወደ ኋላ ሄዶ ግንቡ ላይ የሚታሰር አንድ ገመድ ብቻ አስቀሩ፤ አፍንጫዋ አጠገብ መከላከያ ጎማ አንጠልጥሉ። የግራውን ወደ ፊት፣ የቀኙን ወደ ኋላ። ገመዱ ወደ ፊት እንዳትሄድ ይይዛታል፤ ኋላዋም ከግንቡ እየራቀ ይከፈታል። በቂ ሲሆን ሁለቱንም ፍሪ፣ ገመዱን ፍቱ፣ ሁለቱንም ወደ ኋላ።

[ምስል፦ ከኋላ ሁለት ሞተር የተንጠለጠለባት ፈጣን ጀልባ።]

ሞተሮቹ ከኋላ ውጭ ለተንጠለጠሉባት ጀልባ ነገሩ በከፊል ይለያል። የመሪ ሰሌዳ የላትም፤ መሪው የሚያዞረው ሞተሩን ራሱን ነው፤ ስለዚህ በዝግታም ጊዜ መሪው ይሠራል። በአንጻሩ ሁለቱ ሞተሮች በ70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ተራርቀው ስለሚቀመጡ አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ ማድረግ የሚሰጠው የመዞር ጉልበት ያንሳል። ለእሷ መሪውንም ማርሹንም አጣምሮ መጠቀም ነው። ጆይስቲክ፣ ማለትም ወደ ፈለጋችሁት አቅጣጫ የምታዘነብሉት አንድ እጀታ፣ የተገጠመላቸው አዳዲስ ጀልባዎችም አሉ፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ሞተር ለየብቻ እያዘዘ በጎን ሳይቀር ያስኬዳችኋል። ጥሩ ነገር ነው። ቢሆንም እኔ ጆይስቲኩን ከመንካታችሁ በፊት እጀታዎቹን ልመዱ እላለሁ፤ ኮምፒውተሩ ከውስጥ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነውና።

[ምስል፦ የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያ ወንፊት፣ በአረም ተደፍኗል።]

አንዱ ሞተር ቢጠፋስ? ገመድ በፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ አረም የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያውን ይደፍናል። በጣና ላይ የሠራ ሰው እምቦጭ ለሞተር ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃል።

የቀኙ ጠፍቶ የግራው ብቻ ቀረ እንበል። ወደ ፊት ስትገፉ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አሁን የተዋችሁትን መሪ መልሳችሁ ያዙት፦ ወደ ግራ እስከ ጥጉ አዙሩና ለአጭር ጊዜ ወደ ፊት ማርሽ አስገቡ፤ የፕሮፔለሩ ውሃ ሰሌዳውን ስለሚመታው አፍንጫዋን ቀጥ ለማድረግ ይረዳል። በኋላ ማርሽ ግን ይህ እርዳታ የለም። የምትታሰሩበትን ጎን አስቀድማችሁ ምረጡ፤ የጠፋው ሞተር በወደቡ በኩል ይሁን። እዚህ ላይ ግንቡን በቀኝ ትይዛላችሁ ማለት ነው። የግራው ሞተር ወደ ኋላ ሲገባ ጀልባዋን ያቆማል፣ ኋላዋንም ወደ ግንቡ ያመጣል፤ ቅድም ሁለቱም እየሠሩ ያደረጋችሁትን ማስጠጋት በአንዱ ብቻ ታደርጉታላችሁ። በተቃራኒው ጎን ከሞከራችሁ ለማቆም ባላችሁ ቁጥር ኋላዋ ከግንቡ ይሸሻል።

ይህን ሞተር በጠፋ ቀን አትማሩት። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ከወደቡ ውጭ፣ ሰፊ ቦታ ላይ አንድ ተንሳፋፊ ምልክት ፈልጉ። የቀኙን ፍሪ ላይ አድርጋችሁ በግራው ብቻ ምልክቱን በቀኛችሁ አስጠጉ፣ አቁሙ፣ ራቁ። ከዚያ ጎኑን ቀይሩና በቀኙ ሞተር ብቻ ድገሙት።