የገና ጾም ጎመን በእንቁጣጣሽ ይተከላል

ክቡራትና ክቡራን፣ እናቶች፣ አባቶች፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

ንግግራችን በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ ጓሮ ወይም ደህና መስኮት ላላችሁ ሁሉ ነው። በየዓመቱ የሚደጋገም ስህተት አለ። ብርዱ ሲጀምር ለላስቲክ ቤት፣ ማለትም ተክሉን በቅስት ላይ ለሚሸፍን ቤት፣ ላስቲክ ይገዛል፣ በኖቬምበር ዘር ይዘራል፣ ችግኙ ሁለት ቅጠል አውጥቶ እስከ ፌብሯሪ እንደቆመ ይቀራል። ከዚያ ብርዱ ይረገማል። ችግኙን ያቆመው ግን በአብዛኛው የቀኑ ማጠር ነው።

አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ አጭር የሚባለው ቀን እንኳ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን አለው። አገር ቤት ውሃ እስከተገኘ ድረስ ጎመን በፈለጉት ወር ይተከላል፤ ይህ ልማድ ከኛ ጋር ተሳፍሮ መጥቷል። ዋሽንግተን ላይ ዲሴምበር 21 ፀሐይ ከምትወጣበት እስከምትጠልቅበት ያለው ጊዜ 9 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ነው። የቀኑ ርዝመት ከ10 ሰዓት ሲያንስ ቅጠላ ቅጠል እድገቱ እጅግ ይዘገያል። ይህ ጊዜ እዚህ ከኖቬምበር 17 ገደማ እስከ ጃንዋሪ 25 ገደማ ይቆያል። በእኛ አቆጣጠር ቁስቋም በዋለ በሁለተኛው ቀን ይገባል፣ ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሳይሞላው ይወጣል። የገና ጾም ከነሙሉ ቀኑ እዚህ ውስጥ ነው የሚውለው። በጾሙ የሚቆረጠው ጎመን እንግዲህ ጾሙ ሳይገባ አድጎ መጨረስ አለበት። በእነዚያ 10 ሳምንታት የላስቲክ ቤቱ ሥራ ያደገውን ማቆየት ነው፤ ጓሮ ውስጥ የቆመ ማቀዝቀዣ በሉት።

ቀኖቹን እንያዝ። ለኮላርድ ጎመንና ለቆስጣ ከዘር መነሳት አሁን ዘግይቷል፤ አምስት ሳምንት የሆነው ችግኝ ፈልጋችሁ በዚህ ሳምንት ትከሉ። በጎመን መካከል 40 ሳንቲሜትር ተዉ። ስፒናች ከአሁን እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ፣ ሰላጣ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ በዘር ይገባሉ፤ ጥልቀቱ ለስፒናች አንድ ሳንቲሜትር ያህል፣ ለሰላጣ ከዚያም ያነሰ ይሁን። ካሮት በኦገስት አጋማሽ መዘራት ነበረበት፣ ለዘንድሮ አልፏል። የሐበሻው ጎመን ከኮላርድ ፈጥኖ ይደርሳል፣ ነገር ግን ጠንካራ ውርጭ አይችልም፤ እሱን አስቀድማችሁ ብሉና ኮላርዱን ለጾሙ አቆዩ። ኮላርድና ስፒናች ውርጭ ሲነካቸው ስኳር ስለሚያከማቹ ጣዕማቸው ይሻላል። ቃሪያና ቲማቲም ደግሞ ማሞቂያ በሌለው የላስቲክ ቤት አይከርሙም። በዚህ መከራከር ገንዘብ ማባከን ነው።

የላስቲክ ቤቱን በተመለከተ፦ ለግንባታ የሚሸጠው ተራ ላስቲክ ፀሐይ ስለሚያደርቀው ብዙ ጊዜ በአንድ ዓመት ይሰነጣጠቃል። ለግሪንሃውስ ተብሎ የተሠራው፣ ፀሐይን የሚቋቋመውና ውፍረቱ 0.15 ሚሊሜትር የሆነው አራት ዓመት ያህል ይቆያል። ላስቲኩን የሚሸከሙትን ቅስቶች በየአንድ ሜትሩ አቁሙ፤ ከዚያ ከሰፋ እርጥብ በረዶ ያጎብጣቸዋል። የላስቲኩን ጠርዝ 20 ሳንቲሜትር ጉድጓድ ውስጥ አስገብታችሁ አፈር መልሱበት፤ ነፋስ ቤቱን የሚያነሳው ከሥሩ ገብቶ ነው።

አንድ ላስቲክ ብቻውን በሌሊት የሚሰጠው ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ነው (ዲግሪ የምንለው ሁሉ በሴልሺየስ ነው)። ልዩነት የሚያመጣው ሁለተኛው ሽፋን ነው፦ በውስጥ፣ በመደቡ ላይ፣ 50 ሳንቲሜትር ከፍታ ባላቸው ትናንሽ ቅስቶች የሚዘረጋ ብርሃንና ውሃ የሚያሳልፍ ነጭ ጨርቅ። ጨርቁ ቅጠሉን አይንካ፤ የነካበት ቦታ አብሮ ይበርዳል። ቀን ከዜሮ በላይ ሲሆን ግለጡት፣ ከጨረሩ ይቀንሳልና።

ሰው የማይጠብቀው ጉዳት ከሙቀት የሚመጣው ነው። ውጭ ዜሮ ዲግሪ ሆኖ ፀሐይ ከወጣች በተዘጋ ላስቲክ ውስጥ ከ30 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። ቴርሞሜትሩ 18 ሲደርስ በሁለቱም ጫፍ ክፈቱ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዝጉ። ቀን ሥራ የምትውሉ ከሆነ ውስጡ ያለው ሰም ሲሞቅ እየተነፋ መስኮት የሚገፋ መክፈቻ ይሸጣል፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ተዘግቶ የከረመ ቤት ውስጥ እርጥበቱ በላስቲኩ ላይ ጤዛ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ ግራጫ ሻጋታም ይከተላል። ውሃ ጠዋት፣ ሥሩ ላይ፣ በመጠኑ ብቻ ስጡ፤ በዲሴምበር በሁለት ሳምንት አንዴ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ቀን በፀሐይ ሞቆ ሌሊት ሙቀት እንዲሰጥ ውሃ ተሞልቶ ላስቲክ ቤት ውስጥ ስለሚቀመጥ ጥቁር በርሜል ብዙ ይጠየቃል። ባለ 55 ጋሎን በርሜል ውሃ በሌሊት 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚለቀው ሙቀት 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። 1,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከአንድ ሰዓት ተኩል ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ የሚሰጠው ማለት ነው። አንድ በርሜል አስቀምጦ ተአምር መጠበቅ አይገባም፤ አራት አምስት ከሆኑና ፀሐይ ካገኛቸው ይረዳሉ። ከሰል ግን በፍጹም! በተዘጋ ላስቲክ ውስጥም ሆነ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል፣ ሽታ የሌለው ጋዙ ደግሞ ፍም ብቻ ሲቀርም አይጠፋም።

ወደ ቤት ውስጥ እንግባ። ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና ጠጅ ሳር ከአሁን ጀምሮ፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሳይወርድ፣ ወደ ቤት ይግቡ። ጤና አዳም ውጭ ይክረም፣ ብርድ ይችላል። ስትቆርጡት ጓንት አድርጉ፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። የሚገቡትን ተክሎች ቅጠላቸውን ገልብጣችሁ እዩ፣ እጠቧቸው፣ ሁለት ሳምንትም ከሌሎቹ ለይታችሁ አስቀምጡ። አንድ ክሽክሽ (ጥቃቅን የቅጠል ተባይ) ይዞ የገባ ማሰሮ በጃንዋሪ መስኮቱን ሙሉ ይወርሰዋል፤ ቤት ውስጥ ተባዩን የሚበላ ሌላ ነፍሳት የለም። ከታየ ለተክል የተሠራውን ሳሙና በውሃ በጥብጣችሁ በቅጠሉ ሥር ርጩ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል።

ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ተክሉን ያቆየዋል እንጂ ፍሬ አያሰጠውም። ከመስታወቱ አንድ ሜትር የራቀ ማሰሮማ በጨለማ ነው ያለው፤ ግንዱ ተመዝዞ ይቀጥናል። 60 በ120 ሳንቲሜትር ለሆነ መደርደሪያ፣ ለሰላጣና ለበሶብላ፣ በእርግጥ 60 ዋት የሚስብ ኤል ኢ ዲ ይበቃል። ካርቶኑ ላይ ከድሮ አምፖል ጋር እያነጻጸረ የተጻፈውን ቁጥር ተዉት፣ የሚስበውን ዋት ፈልጉ። ከቅጠሉ 25 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጉት፣ በታይመር 16 ሰዓት ይብራ፤ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለቃሪያ ኃይሉ እጥፍ ይሁን። ሌት ተቀን ማብራት ደግሞ የቲማቲምን ቅጠል ቢጫ ያደርገዋል።

የቃሪያ ዘር ለመብቀል 27 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ማሞቂያ ምንጣፍ ላይ ከሆነ በአንድ ሁለት ሳምንት ይወጣል። ለአንድ ቃሪያ ከታች የተበሳ የ10 ሊትር ማሰሮ ስጡት። የጓሮ አፈር አታስገቡ፣ ማሰሮ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ለማሰሮ የሚሸጠውን ቅልቅል ግዙ። ሲያብብ ነፋስም ንብም የለምና ግንዱን በየቀኑ ነቅነቅ አድርጉት። አበባው ከረገፈ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ወርዶ እንደሆን መርምሩ።

ቤት ውስጥ ተክል ከጥማት ይልቅ በውሃ ብዛት ይሞታል። ችግኙ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ ከወደቀ አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር ማለት ነው። ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ሲነሱም ምክንያቱ ያው ነው፤ የላይኛው ሦስት ሳንቲሜትር ሳይደርቅ አታጠጡ። ማሰሮውን አንስቶ ክብደቱን መመዘን ከማንኛውም መለኪያ ይሻላል። የቡና አተላውንም ማሰሮው ላይ መድፋት ይቅር። እናቶች እንደማትወዱልን እናውቃለን፣ ግን ሻጋታና ዝንብ ይጠራል፤ ወደ ኮምፖስት ይሂድ።

አቆራረጡን ብለን እንጨርስ። ጠዋት ቅጠሉ በርዶ ደርቆ ሲታይ አትንኩት፣ የተሰበረው አይድንም። ፀሐይ ሲያገኘው ራሱ ይለሰልሳል፣ ያኔ ከሰዓት በኋላ ቁረጡ። ከውጭ ከውጭ አንሱ፣ ከመሐል ቢያንስ አምስት ቅጠል ተዉ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ቀኑ ሲረዝም ከዚያ መሐል አዲስ ቅጠል ይነሳል፤ ማዳበሪያ የሚሰጠውና ውሃ የሚጨመረው ያኔ ነው፣ ለዓቢይ ጾም የሚሆነው ስፒናችም በፌብሯሪ አጋማሽ እዚያው ላስቲክ ውስጥ ይዘራል። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።