ደረጃውና አንበሳው፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባላትና እንግዶቻችን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተሰብስበን ስለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ማውራታችን የዓሣውን ጠረን ለሚያሸት ሰው ግራ ሳይገባው አይቀርም። ምን ይደረግ፣ ያገናኘን ያ ግቢ ነው።

የሒሳብ ሪፖርቱ ከመቅረቡ በፊት ከግቢው ሙዚየም ፊት ለፊት ያለውን ደረጃ ላስታውሳችሁ። ስንቶቻችን እዚያ ሥር ተቃጥረናል! (ቀጠሮ ያላከበረም አለ፤ ስም አልጠራም።) እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ግን የሚገቡበት በር የለም። የሠሩት ፋሺስቶች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለፈ አንድ ዓመት ነው። ጠላት ሲባረር የኛ ሰዎች አላፈረሱትም፤ አናቱ ላይ የይሁዳን አንበሳ ቁጭ አደረጉበት። ከዚህ የበለጠ ስድብ እኔ አላውቅም።

ከኋላው ያለው ሕንፃ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ዛሬ በንጉሡ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ፣ አባት ስም ራስ መኮንን አዳራሽ ይባላል። የካቲት 12 ቀን 1929 የጣሊያኑ ገዢ ግራዚያኒ እዚያ ለድሆች ምጽዋት ሲያድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን የሆነውን ጭፍጨፋ የስድስት ኪሎ አደባባዩ ሐውልት ይናገራል። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ደግሞ በአረንጓዴው ሳሎን ታግተው ከነበሩት መኳንንት ብዙዎቹ ተረሸኑ። አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያን ያልጣላቸው ራስ አበበ አረጋይ የወደቁት እዚያ፣ በወገን ጥይት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

ንጉሡ ቤቱን ለትምህርት ሰጡ፤ በ1954 ዩኒቨርሲቲው ተመረቀ። መኝታ ቤታቸውና መታጠቢያ ቤታቸው ግን ዛሬም በሙዚየሙ ይጎበኛል። እኛ ተማሪ ሳለን ከዶርም ወደ ኬኔዲ ላይብረሪ፣ ከኬኔዲ ወደ ካፌ እንሮጥ ነበር እንጂ ቀና ብሎ ያየ ስንት ነበር? እኔ መኝታ ቤቱን ያየሁት ከተመረቅሁ በኋላ፣ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ትኬት ቆርጬ ነው።

ስለዚህ የሥራ አመራሩ ዘንድሮ ልጆቻችንን ይዘን ስድስት ኪሎን እንድንጎበኝ አስቧል። መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የአውቶቡሱን ወንበር ብዛት ለመወሰን ከምሳ በፊት ተመዝገቡ። አሁን ጸሐፊያችን ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ ያነቡልናል።