«ባዶ መሬት» አትበሉት፦ ስለ ሕንዱ ካች አውራጃ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ ካች አውራጃ አውርተን ነበር። ካች በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጃራት ግዛት ውስጥ፣ ከፓኪስታን ድንበር ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ደውሏል። ደጋግመው የተጠየቁትን መርጬ እመልሳለሁ። የምጠራቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከደብረ ብርሃን፣ ተማሪ፦ ካች ምን ያህል ትልቅ ናት? ዋና ከተማዋስ ማን ናት?

ስፋቷ 45,674 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከሕንድ አውራጃዎች ሁሉ ትልቋ ናት። ዋና ከተማዋ ቡጅ ትባላለች። በ2011 ቆጠራ ሕዝቧ 2.09 ሚሊዮን ገደማ ነበር።

ከአዳማ የደወሉ እናት፦ ልጄ በስልክ ያሳየችኝ ያ ነጭ ሜዳ በረዶ ነው ወይስ ምንድን ነው?

ጨው ነው፣ እናቴ። ቦታው ራን ይባላል። ከብዙ ዘመን በፊት የባሕር እጅ ነበር። ደለል እየሞላው፣ መሬቱም እየተነሣ ሲሄድ ከባሕሩ ተለየ። ዝናቡ ሰኔ መጨረሻ አካባቢ ሲገባ ውሃ ይተኛበታል። ሜዳው ዝርግ ስለሆነ ውሃው መውጫ የለውም። ከጥቅምት በኋላ ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ ጨው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የራንን ፎቶ ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ወሩን ይሁን። በነሐሴና በጥር ያው ቦታ ሁለት የተለያየ አገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ይህን ሜዳ አይቶ «ባዶ መሬት» ይላል። ባዶ አይደለም። በትልቁ ራን ውስጥ ፍላሚንጎዎች ይራባሉ። በትንሹ ራን የሕንድ የዱር አህያ ይኖራል። ዝናቡ ሲያበቃ የጨው ሠራተኞች ቤተሰባቸውን ይዘው ይገባሉ። ከጉድጓድ ጨዋማ ውሃ እየሳቡ፣ በመደብ ላይ እያደረቁ፣ ሙቀቱ እስኪያስወጣቸው ድረስ እዚያው ይከርማሉ። ሕንድ ከምታመርተው ጨው አብዛኛው ከጉጃራት ነው የሚወጣው። «ባዶ» የሚለውን ቃል ዛሬ ደጋግሜ አነሣዋለሁ፣ አትሰልቹኝ።

ከሻሸመኔ፦ ሕዝቡ በምን ይተዳደራል?

በከብት፣ በእርሻ፣ በወደብ፣ በእጅ ሥራ እና ውጭ ያለ ዘመድ በሚልከው ገንዘብ። ዝናብ ትንሽ ነው። ድርቅ የለመዱት ነገር ነው። ቢሆንም ጉሎ፣ ጥጥ፣ ለውዝ፣ ቴምር፣ ሮማንና ማንጎ ያመርታሉ። ቴምሩን ሳይደርቅ፣ ገና ጠንከር እንዳለ ነው የሚበሉት፤ ምክንያቱም ፍሬው ሙሉ በሙሉ ሳይበስል የክረምቱ ዝናብ ይደርስበታል። በባሕሩ ዳር ያሉ ገበሬዎች የጉድጓድ ውሃ ከመጠን በላይ ሲስቡ የባሕሩ ውሃ ከሥር ሰርጎ ገብቶባቸዋል። አሁን የናርማዳ ወንዝ ውሃ በቧንቧና በቦይ ከሩቅ ይመጣላቸዋል። የካች ዋናው ቦይ የተመረቀው በ2022 ነው።

ወደቡ ሌላ ታሪክ አለው። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ትልቁ የካራቺ ወደብ በፓኪስታን በኩል ቀረ። ሕንድም ምትክ ሆኖ እንዲያገለግል ካንድላን አስፋፋች። ካንድላ ላይ በ1965 ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ቀጠና ተከፈተ፣ በእስያ የመጀመሪያው ነው። በኋላ የመጣው የሙንድራ ወደብ ግን ዛሬ በግል ከሚተዳደሩት የሕንድ ወደቦች ትልቁ ሆኗል። ባሕር ዳር ስንል ደግሞ ማንድቪን አትርሱ። እዚያ ትልልቅ የእንጨት መርከቦች ዛሬም በእጅ ይሠራሉ። የካች ነጋዴዎች ወደ መስከት፣ ወደ ዛንዚባርና ወደ ሞምባሳ የሄዱት በእንደነዚህ ዓይነት መርከቦች ነበር።

ከመርካቶ፣ ነጋዴ፦ ዕቃዬ ከሙንድራ ጅቡቲ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጃል?

እሱን የመርከብ ወኪልዎን ይጠይቁ። የእኔ ሙያ አይደለም።

ከአዲስ አበባ፣ የታሪክ መምህር፦ ላክፓት የምትባል ከተማ ለምን ጠፋች?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ላክፓት በካች ሰሜን ምዕራብ ያለች የወደብ ከተማ ነበረች። የኢንዱስ ወንዝ ቅርንጫፍ በአጠገቧ ያልፍ ነበር። ሩዝ ይበቅልባት፣ ግብር ይሰበሰብባት ነበር። ሰኔ 16 ቀን 1819 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። በሰሜን በኩል ወደ 80 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የአፈር ጉብታ ከመሬት ተነሣ። የአገሩ ሰው «አላህ ባንድ» ይለዋል። ከጉብታው በስተደቡብ ያለው መሬት ደግሞ ሰመጠ፤ የሲንድሪ ምሽግም ውሃ ዋጠው። ወንዙ ላክፓትን ትቶ ሄደ። ነጋዴውም ተከትሎት ሄደ። ዛሬ ረጅሙ የግንብ አጥር ቆሟል፣ ውስጡ ግን ጥቂት ሰው ብቻ ነው ያለው።

ተማሪዎችህ ካርታ ሲያዩ ይህን ንገራቸው። ዛሬ ጭር ያለ የምታዩት ቦታ ትናንት ገበያ ሊሆን ይችላል። በዚያው በካች፣ በራን መካከል ባለች ደሴት ላይ ዶላቪራ የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። ዕድሜዋ ወደ 5,000 ዓመት ይጠጋል። ሰዎቿ የክረምቱን ጎርፍ በግድብ እያስቀሩ በድንጋይ በተሠሩ ትልልቅ ገንዳዎች ያጠራቅሙ ነበር። በ2021 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ይህም «በረሃ ነው፣ ምንም የለውም» የሚባል ስፍራ ነው።

ከመተሐራ፦ እኛም መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ፈርተን ውጭ አድረን ነበር። ካች ውስጥ ከ2001 በኋላ ቤት እንዴት ሠሩ?

እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። በ2001 ጥር 26 ጠዋት፣ የሕንድ ሪፐብሊክ በዓል ቀን፣ በመጠን 7.7 የሆነ መንቀጥቀጥ ካችን መታ። ወደ 20 ሺህ ሰው ሞተ። አንጃር ከተማ ውስጥ ለበዓሉ ሰልፍ የወጡ ተማሪዎች በጠባብ መንገድ ላይ ሕንፃ ተደረመሰባቸው። ከሁሉ በላይ ሰው የገደለው በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳና ከላዩ የተጫነ ከባድ ጣሪያ ነው። ከራን በስተደቡብ፣ በባኒ በኩል ያሉ ክብ የጭቃ ቤቶች ግን አብዛኞቹ ቆመው ቀሩ። ቡንጋ ይባላሉ። የእኛን ጎጆ ይመስላሉ፣ ክብ ግድግዳ፣ ቀላል የሣር ክዳን። ክብ ቅርጽ ማዕዘን ስለሌለው ኃይሉን ዙሪያውን ያከፋፍላል። ክዳኑ ቀላል ስለሆነ ቢወድቅም ቶሎ አይገድልም።

መልሶ ግንባታው ላይ ግድግዳውን ዙሪያውን የሚያስር ቢም እንዲኖር ተደረገ፣ የድሮው የቡጅ ጠባብ መንገዶችም ሰፉ። መንግሥት ለአዲስ ፋብሪካዎች የቀረጥ እፎይታ ሰጠ። ዛሬ ካች ውስጥ የሚታየው ኢንዱስትሪ ብዙው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእርስዎን ቤት ግን በሬዲዮ ልመረምረው አልችልም። ግድግዳው ከተሰነጠቀ መሐንዲስ ሳያየው አይግቡበት።

ከአፋር ገዋኔ፣ አርብቶ አደር፦ ካች ውስጥ ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃማ ዛፍ ከሰል አድርገው እንደሚሸጡ ሰማሁ። ቶሎ ይበቅላል፣ ድርቅ ይችላል። ለእርሻዬ አጥር ልተክለው ነው። ምን ይላሉ?

ወንድሜ፣ እባክህ አትትከለው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከራን በስተደቡብ ባኒ የሚባል የግጦሽ ምድር አለ። ስፋቱ ወደ 2,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ወቅት በእስያ ከታወቁት ምርጥ የሣር ምድሮች አንዱ ነበር። ማልዳሪ የሚባሉ አርብቶ አደሮች ለብዙ መቶ ዓመታት ከብት አርብተውበታል። በ1955 መንግሥት ይህን የሣር ምድር «ጥብቅ ደን» ብሎ መዘገበው። ሣሩን እንደ ሀብት ያየው አልነበረም። ቀጥሎ የራን ጨው ወደ ባኒ እየገፋ ነው ተባለ። በ1961 የደን መሥሪያ ቤቱ ከላቲን አሜሪካ የመጣውን ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ተከለ። ጨው ይችላል፣ ድርቅ ይችላል፣ ማገዶ ይሆናል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ስህተቱ መሬቱን ባዶ አድርጎ ማየቱ ነው።

ከዚያ ምን ሆነ? ከብቱ ፍሬውን በላ። ፍሬው ጣፋጭ ነው። ዘሩ ግን ጨጓራ ውስጥ አይፈጭም። ከብቱ በሄደበት ሁሉ በእበት ታጅቦ ይወርዳል፣ እዚያው ይበቅላል። ዛሬ ዛፉ የባኒን ግማሽ ያህል ወርሮታል። ሥሩ ጠልቆ ውሃ ይስባል። ከሥሩ ሣር አይወጣም። እሾሁ ሰኮና ይወጋል፣ እግር ያመግላል። ፍሬውን ብቻ አብዝተው የበሉ ላሞች ታመሙ፣ ሞቱ። ማልዳሪዎቹ ከላም ወደ ጎሽ እስከ መዞር ደረሱ። የባኒ ጎሽ ዛሬ በዘር የተመዘገበ፣ ወተቱ የሚፈለግ፣ ሌሊት ሲግጥ አድሮ ጠዋት ለመታለብ ወደ ቤቱ የሚመለስ ድንቅ ከብት ነው። ይህ የሰዎቹ ብርታት ነው። የዛፉ ውለታ አይደለም።

ከሰሉም ብትል፣ እሺ፣ ካች ውስጥ ሞክረውታል። በ2004 የከሰል ክልከላው ተነሣ። ሰው ሁሉ ቆርጦ ይጨርሰዋል ተብሎ ተጠበቀ። ዛፉ ግን ከላይ ሲቆረጥ ከጉቶው በብዙ ቅርንጫፍ ያቆጠቁጣል። የአገሩም ግራር አብሮ ተቆረጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክልከላው ተመለሰ። ስለዚህ «እየሸጥኩ አጠፋዋለሁ» የሚል ሰው ካለ ልንገረው፣ ገቢ ያገኘህበትን ዛፍ ልታጠፋው አትፈልግም።

አንተ ያለህበት አፋር ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዛፉ ከ1970ዎቹ ወዲህ ገብቶ ዛሬ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። የአዋሽን ዳር ተመልከት። የደረቅ ዘመን ግጦሻችሁ የነበረው ያ ነው። አንዳንዱ የተጀመረው በአንድ አጥርና በአንድ ጥላ ነው።

አጥር ካስፈለገህ የአገሩን ግራር ቅርንጫፍ ቆርጠህ እጠር። ፕሮሶፒስ መሬትህ ላይ ካለ ገና ችግኝ ሳለ ከነሥሩ ንቀለው። ትልቁን ከመሬት በላይ አትቁረጠው፤ ቆፍረህ፣ ከአፈሩ በታች፣ ሥሩ ከሚጀምርበት ዝቅ ብለህ ቁረጥ። ቦታውንም ባዶ አትተወው፣ ሣር ዝራበት። ከቀዬው ስትወጣ ፍሬ የበሉ ከብቶችን ንጹሕ ግጦሽ ላይ ወዲያው አትልቀቅ፣ ጥቂት ቀን አቆያቸው። ይህን ብቻህን አታደርገው። ጎረቤትህ ካልነቀለ ያንተ ልፋት ከንቱ ነው። የቀበሌህን የልማት ሠራተኛ ጥራ።

ከአዋሽ አርባ፦ ፍየሎቼ የፕሮሶፒስ ፍሬ ይበላሉ። ፈጭቼ ብሰጣቸውስ?

መፍጨቱ ጥሩ ነው፣ ዘሩ ይሞታል። ግን ብቻውን አይስጡ፣ ከሌላ መኖ ጋር በጥቂቱ ይቀላቅሉ። መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይንገርዎት። ማኘክ ያቃተው ወይም ሆዱ የተነፋ ከብት ካለ ዛሬውኑ ያሳዩት።

ከኮምቦልቻ፣ ወጣት፦ ካች ውስጥ ሴቶች ምን ይሠራሉ?

ጥልፋቸው በዓለም የታወቀ ነው። የራባሪ፣ የአሂር፣ የጃትና የመግዋል ማኅበረሰብ ሴቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስፌትና የመስታወት አቀማመጥ አላቸው። ባለሙያ ልብሱን አይቶ የማን እንደሆነ ይለያል። ከጥልፉ ሌላ ግን አንድ ታሪክ ልንገርሽ። በታኅሣሥ 1971 በሕንድና በፓኪስታን ጦርነት የቡጅ አየር ማረፊያ በቦምብ ተመታ። ቡጅ አጠገብ ካለችው ማዳፓር መንደር ወደ 300 ሴቶች ወጥተው በ72 ሰዓት ውስጥ መንደርደሪያውን ጠገኑት። የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰሙ ቁጥቋጦ ውስጥ ይደበቃሉ፣ ሲያልፍ ይመለሳሉ። እኔ ስለ ካች ሳስተምር ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ከዋሽንግተን የደወሉ አድማጭ፦ ካች ውስጥ የሐበሻ ዘር አለ ይባላል። እውነት ነው?

ሲዲ የሚባሉ ጥቁር ሕንዳውያን በጉጃራት አሉ፣ በካችም አሉ። ብዙዎቹ የመጡት ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ነው፣ ስለዚህ ሁሉንም ከእኛ ጋር አናዛምዳቸው። ከኢትዮጵያ መሄዱ በግልጽ የሚታወቀውን ከፈለጉ ማሊክ አምባርን ያንብቡ። በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ፣ በባርነት ተሽጦ፣ በደቡብ ሕንድ በኩል በዴካን የአሕመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴ እስከ መሆን ደርሷል። ካች ግን የእሱ ምድር አይደለም።

ጉጃራት ነጻ የትምህርት ዕድል ያገኘ ተማሪ፦ ነጩን ራን በሌሊት፣ በጨረቃ ማየት እፈልጋለሁ። ብቻዬን መሄድ ይቻላል?

እንኳን ደስ አለህ። ብቻህን አትሂድ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ሰው በሚሄድበት በዶርዶ በኩል ሂድ። ከመንገዱ አትውጣ። ከላይ ደርቆ የሚታየው ጨው ከሥሩ ጭቃ ሊሆን ይችላል፣ እግርም መኪናም ይውጣል። ሜዳው ምልክት የለውም፣ አቅጣጫ ይጠፋብሃል። አካባቢው ደግሞ የድንበር ቀጠና ነው፣ መግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፓስፖርትህን ያዝ፣ ለውጭ ዜጋ የሚጠየቀውን ደግሞ ከመሄድህ በፊት ቡጅ ያለውን የፖሊስ ቢሮ ጠይቅ።