ካርኒው ሳጥን ውስጥ ይቅር

ጤና ይስጥልኝ፣ ተመልካቾቻችን። ዛሬም ከባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ነኝ፤ ለጀልባው ሞተር ድምፅ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የዛሬው ወሬያችን ስለ ምርጫ ነው፦ የድምፅ መስጫ መሣሪያ ለመራጩ ካርኒ፣ ማለትም የመረጠውን የሚያሳይ ወረቀት፣ ማተም ለምን ያስፈልገዋል? ካርኒውስ የት ይቅር?

አንድ ዓሣ አስጋሪ ሌሊቱን በታንኳ ሲቀዝፍ አድሮ፣ ቀረሶውንና አምባዛውን ይዞ ማለዳ ወደ ሚዛን መጣ እንበል። መዛኙ መዝገቡ ላይ ጻፈና «20 ኪሎ ነው» አለው፤ አስጋሪው ግን ሚዛኑንም መዝገቡንም አላየም። በወሩ መጨረሻ ሒሳቡ ቢጎድልበት በምን ይከራከራል? መዝገቡ እንደገና ይነበብ ቢል፣ አሥር ጊዜ ቢነበብ አሥር ጊዜ ያው ነው። ሚዛኑ ክብደቱን በወረቀት አትሞ፣ አስጋሪው አንብቦ «ልክ ነው» ካለ በኋላ ወረቀቱ በተቆለፈ ሳጥን ቢገባስ? ያን ጊዜ መዝገቡን የሚሞግት ነገር ተገኘ። (ይህን ምሳሌ እወደዋለሁ፤ ዓሣ ስለምወድ ብቻ ግን አይደለም።) ወረቀት አልባ የድምፅ መስጫ መሣሪያ ያ መዝገብ ነው።

ወረቀት የሚያትመው መሣሪያ አሠራር ግን አጭር ነው፦ መራጩ ይጫናል፣ መሣሪያው ያትማል፣ መራጩ ያነባል፣ ወረቀቱ ይታሸጋል፤ በኋላም በዕጣ የወጡ ሳጥኖች በእጅ ተቆጥረው ከመሣሪያው ውጤት ጋር ይመሳከራሉ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2019 ምርጫዋ ወረቀቱን ለ7 ሰከንድ ያህል በመስታወት ውስጥ ታሳይ ነበር።

ብዙዎቻችሁ «ታዲያ መራጩ ካርኒውን ይዞ ለምን አይሄድም?» ብላችሁኛል። እዚህ ላይ ምሳሌዬ ይሰበራል፤ አስጋሪው የሚደብቀው የለውም፣ መራጩ ግን ምስጢር አለው። ካርኒው ኪሱ ውስጥ ከገባ፣ ድምፅ ገዢው «አሳየኝና ብርህን ውሰድ» ይለዋል፤ አሠሪውም፣ አከራዩም «እስቲ ልየው» ማለታቸው አይቀርም። ደግሞም በየቤቱ የተበተነ ወረቀት ማን ሰብስቦ ይቆጥረዋል? ስለዚህ አንብቡት፣ አትውሰዱት።

«ኮምፒውተር አይሳሳትም» የምትሉም አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 በቤልጅየም፣ ስካርቤክ በተባለ ስፍራ፣ አንዲት ዕጩ 4,096 ትርፍ ድምፅ ተመዘገበላቸው። ስሕተቱ የታወቀው ቁጥሩ ሊሆን ከሚችለው በላይ ስለነበረ ነው፤ ትርፉ 50 ቢሆን ኖሮ ማን ልብ ይል ነበር?

እኛ እስካሁን የምንመርጠው በወረቀት ነው። መሣሪያ ይምጣ ከተባለም፣ በእኔ አስተያየት ወረቀቱን ይዞ ይምጣ። ስንት ሳጥን ቢቆጠር ይበቃል የሚለው ሰፊ ሒሳብ ስለሆነ ለሚቀጥለው ቪዲዮ አቆይቼዋለሁ፤ ቻናሉን ሰብስክራይብ ያደረገ አያመልጠውም።