ሜዲካል ኮዲንግ ልትማሩ ነው? ከመክፈላችሁ በፊት ስሙኝ

እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ማታ ነው፣ ልጆች ለሰው አደራ ሰጥታችሁ የመጣችሁ አላችሁ፣ ኡበሩን ውጭ አቁማችሁ የገባችሁ አላችሁ፣ ከዚህ ወጥታችሁ የሌሊት ሺፍት የምትገቡም ትታዩኛላችሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ሰሞኑን ስልኬ የሚጠራው ለአንድ ጉዳይ ነው። «እህቴ፣ ያ ቤት ቁጭ ብለሽ የምትሠሪው ሥራ፣ የት ልማረው?» ሥራው ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ የምጀምረው ከሥራው ነው። ሥራውን ሳያውቅ ትምህርት ቤት ልምረጥ የሚል ሰው አይመርጥም፣ የሚመርጥለት ሻጩ ነው።

ሐኪሙ በሽተኛውን ያያል፣ ማስታወሻ ይጽፋል። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ግን በኮድ ነው። መሀል ላይ ያለው ሰው ኮደሩ ነው። የተጻፈውን አንብቦ የበሽታውን ኮድ አይሲዲ-10-ሲኤም ከሚባል የኮድ መጽሐፍ ያወጣል፣ ሐኪሙ የሠራውን ሥራ ደግሞ ሲፒቲ ከሚባለው። ተኝተው ለታከሙ ሰዎች የሆስፒታሉን ሂሳብ የሚሠራ ከሆነ ለቀዶ ጥገናው አይሲዲ-10-ፒሲኤስ የሚባል ሌላ መጽሐፍ አለው። አሜሪካ ወደ አይሲዲ-10 የገባችው ኦክቶበር 1 ቀን 2015 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አይሲዲ-9 ወደ 14 ሺህ ገደማ የበሽታ ኮድ ነበረው፤ የአሁኑ ከ70 ሺህ ይበልጣል። አትደንግጡ፣ በቃሉ የሚይዝ ማንም የለም። ዶሮ ለነቆረችው ሰው ሁሉ ኮድ አለው፣ ደብሊው61.33። በዚህ ቁጥር የማይቀልድ ኮደር የለም፣ እኔ ግን እስካሁን ዶሮ የነቆረችው ሰው አልደረሰኝም።

ቁጥሩ የበዛው ዝርዝር ስለሚፈልግ ነው። አንዲት ሴት ወድቃ የእጅ አንጓዋ አጠገብ፣ በአውራ ጣቷ በኩል ያለው የክንድ አጥንት ተሰበረ እንበል። ቀኝ ከሆነ ኤስ52.501፣ ግራ ከሆነ ኤስ52.502። መጨረሻ ላይ ደግሞ ፊደል ይጨመራል፤ ስብራቱ ገና እየታከመ ከሆነ ኤ፣ እየዳነች ለክትትል ከመጣች ዲ። ሐኪሙ ቀኝ ይሁን ግራ ሳይጽፍ ከረሳ አንተ አትገምትም። መልሰህ ትጠይቃለህ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰውዬው ሳል ይዞት ክሊኒክ መጣ። ሐኪሙ «የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል» ብሎ ጻፈ። ኮዱ የምንድን ነው? የሳንባ ምች የምትሉ እጃችሁን አውጡ። እሺ፣ ብዙ ናችሁ። አይደለም! በተመላላሽ ሕክምና «ሊሆን ይችላል» የተባለ በሽታ ኮድ አይሰጠውም፣ የምትሰጡት የሳሉን ነው። ሰውዬው ግን ሆስፒታል ተኝቶ ሰንብቶ፣ የመውጫው ማስታወሻ ላይም ሐኪሙ «የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል» ብሎ ከዘጋው፣ ሆስፒታሉ ለዚያ ቆይታ እንዳለበት አድርጎ ይመዘግበዋል። ያው ዓረፍተ ነገር ነው፣ ሕጉ ግን እንደቦታው ይለያያል።

ሌላ ልጨምር፣ ይኼኛው በየቤታችን ያለ ስለሆነ። ሐኪሙ አንድ መስመር ላይ ስኳር ዓይነት ሁለት፣ ከታች በሌላ መስመር የኩላሊት በሽታ ደረጃ 3ኤ ብሎ ጻፈ። ጀማሪው ስኳሩን ኢ11.9 ይለዋል፣ ማለትም ጉዳት ያላመጣ ስኳር። መመሪያው ግን ሐኪሙ አይገናኙም ብሎ ካልጻፈ በስተቀር ሁለቱን አገናኟቸው ይላል፤ ስለዚህ ኢ11.22 ነው፣ ከጎኑ ኤን18.31። ልዩነቱ ለበሽተኛው መዝገብ ትልቅ ነው፣ ኮድ ገንዘብንም ሊለውጥ ይችላል። ሆን ብሎ ያልተሠራውን እንደተሠራ፣ ቀላሉን እንደ ከባድ አድርጎ መመዝገብ ደግሞ ማጭበርበር ነው፣ ሜዲኬር በሚባለው የመንግሥት ኢንሹራንስ ላይ ሲሆን በፌዴራል ሕግ ያስጠይቃል። «ትንሽ ከፍ አድርጊው» የሚል አለቃ ቢገጥማችሁ እምቢ ማለት የሥራው አካል ነው።

ይሄን ሁሉ ያወራሁት ሥራው ማንበብ መሆኑን እንድታዩት ነው። ቀኑን ሙሉ፣ ስክሪን ላይ፣ ብቻችሁን። ሰው ካላወራሁ ይጨንቀኛል የምትሉ፣ ከልቤ ነው፣ ይቅርባችሁ። አክሰንታችሁን ግን ማንም አይሰማውም፤ ይሄ ለኛ ቀላል ነገር አይደለም። የሚፈለገው የሕክምና እንግሊዝኛ ማንበብ ነው።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ጤና ተምረው ለመጡት አንድ ነገር ልበል። የኛ አገር የሕክምና ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ አናቶሚውን፣ ፋርማኮሎጂውን፣ የበሽታውን ስም ታውቁታላችሁ። ከ1954፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ከጎንደሩ የጤና ኮሌጅ ጀምሮ አገሪቱን የተሸከመው የጤና መኮንን ሙያ እዚህ አገር ላይሰንስ የሚወጣበት በር የለውም፣ ዲግሪያችሁ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ፓርኪንግ የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለኮዲንግ የስቴት ላይሰንስ አያስፈልግም፣ የሙያ ማኅበራት ፈተና ነው የሚጠየቀው፣ እናንተ ደግሞ ከሌላው ቀድማችሁ ነው የምትነሱት። ነርሶች ግን ስሙኝ። ወረቀታችሁን አስገምግማችሁ የነርስ ፈተናውን መውሰድ የምትችሉ ከሆነ እሱን አስቀድሙ። በአሜሪካ መንግሥት የሥራ ስታቲስቲክስ መሠረት የ2024 የነርስ መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 93 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፣ ኮደሮች ያሉበት የሕክምና መዝገብ ባለሙያዎች ደግሞ 50 ሺህ ገደማ። ጀርባዬ አልቻለም፣ ሌሊት አልችልም ካላችሁ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን እረዳለሁ።

ደመወዝ ካነሳን ቤት ቁጭ ማለቱንም እናንሳው። እውነት ነው፣ ብዙ ኮደር ከቤት ይሠራል። ልምድ ያለው ኮደር። የመጀመሪያ ሥራችሁ ግን ቢሮ ሊሆን ይችላል ብላችሁ ጠብቁ። ቤት ሲሆንም በር የሚዘጋ ክፍል ያስፈልጋል፤ የሰው የሕክምና ምስጢር ነው፣ ሂፓ የሚባል ሕግ አለ፣ ባልም ልጅም ስክሪኑን ማየት የለበትም። በሰዓት ስንት ማስታወሻ እንደጨረሳችሁ ይቆጠራል። ከመቶ 95 ትክክል መሆን ብዙ ቦታ የተለመደ መለኪያ ነው። ልጅ እያየሁ እሠራለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ የልጅ ጠባቂ ሂሳቡን አሁኑኑ ያስላ።

ስለ ኮምፒውተሩም ትጠይቁኛላችሁ። ኮድ የሚጠቁም ሶፍትዌር ድሮም ነበር፣ አሁን ደግሞ ራጅና ቀላል ቀላሉን ራሱ የሚጨርስ እየመጣ ነው፣ ብዙ ሥራም ወደ ህንድና ፊሊፒንስ ሄዷል። ስለዚህ ሥራው የትም አይሄድም የሚላችሁን ሰው አትመኑ። እኔ የማየው ሰው የሚፈለግበት ቦታ ወደ ከባዱ እየሸሸ መሆኑን ነው፤ ቀዶ ጥገና፣ ተኝቶ ሕክምና፣ ኢንሹራንስ አልከፍልም ያለውን መከራከር፣ የሌላውን ሥራ ማረም። ቀላል ሥራ ፍለጋ ከሆነ የምትመጡት ዘግይታችኋል።

እሺ፣ ትምህርት ቤቱ። የምለው ነገር አንድ ነው፤ ከኋላ ወደፊት ሂዱ። መጀመሪያ የሥራ ማስታወቂያ፣ ከዚያ ፈተና፣ ትምህርት ቤት መጨረሻ።

ዛሬ ማታ ወይም ነገ በአካባቢያችሁ ያሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ያወጡትን የኮደር ማስታወቂያ ክፈቱ። ምን ይጠይቃሉ? የሐኪም ቢሮና ክሊኒክ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ኤኤፒሲ የሚባለው የሙያ ማኅበር ፈትኖ የሚሰጠውን ሲፒሲ ታገኛላችሁ። ሆስፒታል፣ በተለይ ተኝቶ ሕክምና፣ አሂማ የሚባለው ሌላ ማኅበር የሚሰጠውን ሲሲኤስ ይፈልጋል። አርኤችአይቲ የሚል ካያችሁ እሱ ዕውቅና ካለው ፕሮግራም የሁለት ዓመት ዲግሪ የሚጠይቅ ነው፣ በአጭር ኮርስ አይገኝም። የትኛው እንደበዛ በወረቀት ቁጠሩ። ትምህርት ቤቱ የሚያዘጋጃችሁ ለዚያ ፈተና ካልሆነ ቢያምርም ለእናንተ አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ትምህርት ቤቱ ስትጨርሱ የሚሰጣችሁ ሰርተፊኬትና ማኅበሩ ፈትኖ የሚሰጣችሁ ማዕረግ ሁለት ነገር ነው። ቀጣሪው የሚፈልገው የኋለኛውን ነው። ደውላችሁ «ዋጋው ውስጥ የፈተናው ክፍያ አለ ወይ? የማኅበሩ አባልነትስ? መጻሕፍቱስ የዘንድሮ ናቸው?» በሉ። የበሽታ ኮዱ በየዓመቱ ኦክቶበር 1፣ ሲፒቲው ጃንዋሪ 1 ይታደሳል፤ ያለፈ ዓመት መጽሐፍ የሚያድል ቤት ሌላውም ነገሩ ያለፈ ዓመት ነው። የሚያስተምረው ሰው ራሱ ማዕረጉ አለው ወይ፣ ኮድስ ሠርቶ ያውቃል ወይ? የሐኪም ማስታወሻ ይዛችሁ ትለማመዳላችሁ ወይስ ቪዲዮ ብቻ ነው? ካቋረጥኩ ምን ያህል ይመለስልኛል? መልሱን በኢሜል አምጡ በሉ። በኢሜል የማይጽፍ ሰው በስልክ የሚነግራችሁ ነገር ዋጋ የለውም።

«ሥራ እናስቀጥራለን» ሲሉም እንዲሁ። የማውቀው አንድ ወንድማችን ይሄን ሰምቶ ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሏል፤ ውሉን አብረን ስናነበው የተጻፈው ሬዙሜ ማስተካከልና የማስታወቂያ ሊንክ መላክ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ፈርሟላ፣ ምን ይደረጋል። ቤት ሆናችሁ የሕክምና ቢሊንግ ቢዝነስ ክፈቱ፣ ሶፍትዌርና የደንበኛ ስም ዝርዝር እንሸጥላችኋለን የሚሉትንማ ሸማቹን የሚጠብቀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ኤፍቲሲ፣ ራሱ ለዓመታት ሲያስጠነቅቅባቸው የኖረ ነው። ስብሰባ ጠርቶ «ዛሬ ከፈረማችሁ ቅናሽ አለ» የሚል ካጋጠማችሁ ኮታችሁን አንሱና ውጡ።

ብድርም አትቸኩሉ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን። በቅርባችሁ ያለውን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጠይቁ፣ የአጭር ኮርስ ክፍሉንም ጭምር። ከዚያ አሜሪካን ጆብ ሴንተር የሚባለው የመንግሥት ቢሮ ሂዱ፤ በ2014 በወጣው ዊኦዋ በሚሉት ሕግ፣ የሥራ ፈቃድ ያለው፣ ገቢው ዝቅ ያለ ወይም ከሥራ የተቀነሰ ሰው ለሥልጠና ገንዘብ ሊያገኝ ይችላል። የምትማሩበት ቤት ግን እነሱ ካጸደቁት ዝርዝር ውስጥ መሆን አለበት። እና ሳትመዘገቡ በፊት ሂዱ፤ ከኪሳችሁ ከከፈላችሁ በኋላ ብትሄዱ በአብዛኛው አይመልሱላችሁም።

ፈተናውን እዩት። ሲፒሲ 100 ጥያቄ ነው፣ 4 ሰዓት፣ ማለፊያው 70። መጽሐፍ ከፍታችሁ ነው የምትፈተኑት፣ ሰው ይሄን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ለአንድ ጥያቄ ግን ሁለት ደቂቃ ተኩል እንኳን አይደርስም፣ ጥያቄው ራሱ አንዳንዴ የቀዶ ጥገና ሙሉ ሪፖርት ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችን ለሆነው ለኛ ፈተናው ሰዓቱ ነው። ስለዚህ በሰዓት የተገደበ ልምምድ የማያሠራ ኮርስ አትውሰዱ።

ስታልፉ ሲፒሲ-ኤ ይሏችኋል። ኤው ጀማሪ ማለት ነው፣ በሥራ ልምድ ነው የሚነሳው፣ ሁለት ዓመት፣ ወይም ከተጨማሪ ሥልጠና ጋር ባነሰ። ማስታወቂያው ደግሞ ሁለት ዓመት ልምድ ይላል። እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ መኪና መሪው የሚመለሰው። በጎን በር ግቡ። የበሽተኛ ምዝገባ፣ ቢሊንግ፣ የሕክምና መዝገብ ክፍል፣ ኢንሹራንስ የመለሰውን የሚከታተለው ክፍል። እነዚህ ኮድ አይደሉም፣ ግን ኮደሮቹ ስማችሁን ያውቁታል። አሁን ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት፣ በምግብ፣ በፓርኪንግ የምትሠሩ፣ ባጃችሁን ገልብጣችሁ እዩት። ቀጣሪያችሁ ሆስፒታሉ ከሆነ ለሠራተኛ ብቻ የሚወጣ ክፍት ቦታ ሊኖር ይችላል፣ የትምህርት ድጎማም እንዲሁ፣ ኤችአር ሄዳችሁ ጠይቁ። ኮንትራክተር ከሆነ ግን አይመለከታችሁም፣ ሌላ በር ነው።

አንድ ሳንቲም ሳታወጡ የምትሠሩት የቤት ሥራ አለኝ። የአይሲዲ-10-ሲኤም ኦፊሻል ጋይድላይን መንግሥት በነፃ በኢንተርኔት ያወጣዋል፣ ከመቶ ገጽ በላይ ነው። አውርዱና የመጀመሪያውን ክፍል ከሥራ መልስ፣ ደክሟችሁ ባለበት ሰዓት አንብቡት፣ ምክንያቱም ኮርሱንም የምታነቡት በዚያ ሰዓት ነው። እንቅልፍ ከጣላችሁ ብራችሁን ያዙ። «ለምንድን ነው እዚህ ጋ እንዲህ ያለው?» ብላችሁ ወደ ኋላ ገጽ ከተመለሳችሁ፣ ደውሉልኝ።

ጥያቄ እቀበላለሁ፣ እስከ ሦስት ሰዓት አዳራሹ የኛ ነው። ውል ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ፊት ለፊት ኑ፣ አብረን እናነበዋለን። የዘንድሮ መጻሕፍቴ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፣ አገላብጧቸው፣ ቡና ግን አታስጠጉባቸው፣ ውድ ናቸው። እሺ፣ ከኋላ እጅ ያወጣህ ወንድም፣ ቀጥል።