የሻርፓንቲዬ ሕይወት ካፌ ውስጥ አልተጀመረም

እንደምን አመሻችሁ ወዳጆቼ።

መድረኩን ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ የጠየቁኝ በኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያችን ላይ ያለ አንድ የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደሚሻሻል እንድናገር ነው። ለምሳሌ የተመረጠው የፈረንሳዊቷ የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪ የኢማኑኤል ሻርፓንቲዬ ገጽ ነው። ብዙዎቻችሁ በዚህ ገጽ ላይ እጃችሁ አለበት። በውይይት ገጹ ላይ ምን ያህል እንደተጨቃጨቅንም ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ማስተዋወቁን ትቼ ሆዴ ውስጥ ወዳለው ነገር በቀጥታ ልግባ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኔን የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነው። የሳይንቲስት ታሪክ እንጽፋለን፣ ሳይንሱን ግን ዘለን እናልፋለን።

ገጹ እንዴት እንደነበረ አስታውሱ። መጀመሪያ የ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ ይላል። ቀጥሎ ከአሜሪካዊቷ ባዮኬሚስት ከጄኒፈር ዳውድና ጋር የዘረመል መቀስ፣ ማለትም ዲኤንኤን በተፈለገ ቦታ የሚቆርጥ መሣሪያ፣ ያገኘች ይላል። ከዚያ የት ተወለደች፣ የት ተማረች። ከዚያ የሽልማት ዝርዝር። ዝርዝሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ማለቂያ የለውም። አንድ ተማሪ ገጹን ከፍቶ «ይህች ሴት ምንድነው የሠራችው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ «መቀስ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው።

በመሃል በደንብ የተጻፈ አንድ ታሪክ ነበር። እሱም የካፌው ነው። በ2011 ፖርቶ ሪኮ ውስጥ፣ ሳን ሁዋን ከተማ ላይ አንድ ሳይንሳዊ ጉባኤ ነበር። ሻርፓንቲዬና ዳውድና እዚያ አንድ ካፌ ውስጥ ተገናኙ። በአሮጌው ሰፈር የድንጋይ ንጣፍ ላይ እየተራመዱ አወሩ። አብረን እንሥራ ተባባሉ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ እውነትም ነው። ግን ገጹን ያነበበ ሰው ሻርፓንቲዬ ሳይንቲስት የሆነችው በዚያን ቀን ነው የሚመስለው። ከዚያ በፊት ያለው ሕይወቷ የዩኒቨርሲቲ ስሞች ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

እስቲ ከካፌው በፊት ምን እንደነበረ እንየው። እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁና ታገሱኝ።

በ1968 ከፓሪስ አጠገብ፣ ዡቪዚ ሱር ኦርዥ ውስጥ ተወለደች። በ1995 ፓስተር ኢንስቲትዩት ውስጥ ባክቴሪያ አንቲባዮቲክን እንዴት እንደሚቋቋም አጥንታ ዶክትሬቷን ያዘች። ከዚያ አሜሪካ ሄደች፤ ኒው ዮርክና ሜምፊስ ውስጥ በተለያዩ ላቦራቶሪዎች ሠራች። በ2002 ቪየና ውስጥ የራሷን የምርምር ቡድን መሠረተች። ቀጥላ ወደ ሰሜን ስዊድን፣ ወደ ኡሜኦ ተዛወረች። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ስሟን ከሙያው ሰዎች ውጭ የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል።

የምታጠናው ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጅንስ የተባለውን ባክቴሪያ ነበር። ይህ ባክቴሪያ የጉሮሮ ሕመም ያመጣል። ሲብስ ደግሞ ሥጋን የሚበላ ኢንፌክሽን ያስከትላል። ቡድኗ ጀርመን ካለው የዮርግ ፎገል ቡድን ጋር ሆኖ በባክቴሪያው ውስጥ ያሉትን ትንንሽ አርኤንኤዎች፣ ማለትም ከዲኤንኤ የሚገለበጡና በኬሚካል «ፊደላት» የተጻፉ ሞለኪውሎችን፣ መረመረ። ከመካከላቸው አንዱ በብዛት ይገኛል። ምን እንደሚሠራ ግን አይታወቅም። የሚመነጨው ደግሞ ከክሪስፐር አጠገብ ካለ ቦታ ነው።

ክሪስፐር ባክቴሪያው ቀደም ሲል ካጠቁት ቫይረሶች የወሰዳቸውን ቁርጥራጮች የሚያስቀምጥበት የዲኤንኤው ክፍል ነው። በቁርጥራጮቹ መካከል አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይደጋገማል። ከዚያ የሚወጣው አርኤንኤ ቫይረሱ ተመልሶ ሲመጣ ለመለየት እንደሚያገለግል ሌሎች ተመራማሪዎች ቀድመው አሳይተው ነበር። ሁለተኛ አርኤንኤ ያስፈልጋል ብሎ የጠበቀ ግን አልነበረም።

አሁን በደንብ ስሙኝ። የዚያ ያልታወቀው አርኤንኤ አንድ ክፍል ከክሪስፐሩ ተደጋጋሚ ቅደም ተከተል ጋር ከሞላ ጎደል ፊደል ለፊደል ይገጥማል። የሻርፓንቲዬ ቡድን ሁለቱ እንደሚጣበቁ አሳየ። ሲጣበቁ የባክቴሪያው የራሱ ኢንዛይም፣ አርኤንኤዝ 3 የሚባለው፣ መጥቶ ይቆርጣቸዋል። ያኔ የመከላከያው አርኤንኤ ለሥራ ይደርሳል። ያ ሁለተኛው ከሌለ ግን መከላከያው አይሠራም። ስሙን ትሬሰር አርኤንኤ አሉት። ከሙከራዎቹ ብዙውን የሠራችው ኤሊትዛ ዴልቼቫ የምትባል ወጣት ተመራማሪ ናት፤ የጽሑፉ የመጀመሪያ ስምም የእሷ ነው። በኔቸር መጽሔት የታተመው በመጋቢት 2011 ነው።

መጋቢት 2011! ወደ ሳን ሁዋን የሄደችው ባዶ እጇን አልነበረም። ግኝቷን ይዛ ነው የሄደችው። የቀራት ጥያቄ አንድ ነበር። ዛሬ ካስ9 የምንለው ፕሮቲን ከእነዚህ ሁለት አርኤንኤዎች ጋር ሆኖ ምን ያደርጋል? ለዚህ የአርኤንኤን ቅርጽና አሠራር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋት ነበር። በበርክሌይ ያለችው ዳውድና ደግሞ በትክክል ያ ሰው ናት። በሰኔ 2012 ሳይንስ መጽሔት ላይ መልሱን አብረው አሳተሙ። ካስ9 በሁለቱ አርኤንኤዎች እየተመራ ዲኤንኤን ይቆርጣል። ሁለቱን አርኤንኤዎች አያይዘው አንድ ማድረግም ቻሉ። ከዚያ በዚህ አርኤንኤ ላይ ወደ 20 የሚሆኑ ፊደላትን መቀየር ብቻ በቂ ነው፤ ካስ9 በፈለጉት ቦታ ይቆርጣል።

ይህን ሁሉ አንድ ባልደረባችን በአንድ አንቀጽ አሳጥሮ ገጹ ላይ አስገብቶት ነበር። ግልጽ ነበር፣ ማጣቀሻም ነበረው። በማግስቱ ተሰረዘ። ምክንያቱ ምን ተብሎ ተጻፈ? «ለአጠቃላይ አንባቢ ዝርዝሩ በዝቷል።» ካፌው እንዳለ ቆየ። የሽልማት ዝርዝሩም ቆየ። የተቆረጠው የሴትየዋ ሥራ ነው!

ለመሆኑ ለአንባቢ ማን ነው የወሰነለት? የአንስታይንን ገጽ ክፈቱ። አንጻራዊነት አለ፣ የፎቶኤሌክትሪክ ክስተት አለ፣ የብራውን እንቅስቃሴ አለ። ያንን «ዝርዝር በዛ» ብሎ የሚቆርጥ አለ? የለም። መኖርም የለበትም። ታዲያ ሻርፓንቲዬ ጋ ስንደርስ አንባቢው ድንገት ሞኝ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? ይህን ጥያቄ በውይይት ገጹ ላይ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ዛሬ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ።

ነገሩ በአንድ ገጽ የሚያበቃም አይደለም። ዶና ስትሪክላንድ በ2018 የፊዚክስ ኖቤል ስታሸንፍ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ ገጽ አልነበራትም። ከጥቂት ወራት በፊት የቀረበ ረቂቅ ነበር፤ በቂ ማጣቀሻ የለውም ተብሎ ተመለሰ። የተሸለመችበት ሥራ ግን በ1985 የታተመ ነው። ሥራው ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚያው ነበር። ሽልማት ካልመጣ ሥራውን ማየት አንችልም ማለት ነው? ሽልማት ሲመጣም ሽልማቱን ብቻ ነው የምናየው?

«ማጣቀሻ ከየት እናምጣ?» ለምትሉ፣ ይሄ እዳው ገብስ ነው። የኖቤል ኮሚቴው ራሱ ለ2020 ሽልማት ሁለት ማብራሪያ አውጥቷል። አንዱ ለማንኛውም አንባቢ፣ ሌላው ለሙያተኛ። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ፣ ሁለቱም ስለ ትሬሰር አርኤንኤ በሰፊው ያወራሉ። ዋናዎቹን የምርምር ጽሑፎች ከእነሱ ጋር አጣምራችሁ ጥቀሱ።

ምንጭ ስትመርጡ ግን ጸሐፊው ማን እንደሆነ እዩ። በ2016 ብሮድ ኢንስቲትዩት የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም መሪ የነበረው ኤሪክ ላንደር በሴል መጽሔት ላይ የክሪስፐርን ታሪክ ጽፎ ነበር። ተቋሙ በዚያን ጊዜ ከነዳውድና ወገን ጋር በፓተንት፣ ማለትም በፈጠራው ባለቤትነት መብት፣ እየተካሰሰ ነበር። ሁለቱም ሴቶች የእነሱ ሥራ የቀረበበትን መንገድ በይፋ ተቃወሙ። ጽሑፉን መጥቀስ ይቻላል። ግን የማን እንደሆነ ሳይነገር አይደለም።

ሌሎቹንም በስማቸው እንጥራ። የ2012ቱ ጽሑፍ ላይ ማርቲን ዪኔክና ክሽሽቶፍ ኽሊንስኪ አሉ። በዚያው ዓመት ሊቱዌኒያዊው ቪርጊኒዩስ ሺክሽኒስ ተቀራራቢ ውጤት አሳትሟል፤ የ2018ቱ የካቭሊ ሽልማት የተሰጠውም ለሻርፓንቲዬ፣ ለዳውድናና ለእሱ ነው። ይህን መጻፍ ሻርፓንቲዬን አያሳንሳትም።

የፓተንቱ ክርክር የራሱ ገጽ ይኑረው፤ እዚህ ሁለት አረፍተ ነገር ይበቃዋል። በ2018 ቻይና ውስጥ ጂናቸው ተቀይሮ ስለተወለዱት መንትዮችም እንደዚሁ፤ ያ የሌላ ሰው ድርጊት ነው፣ በእሷ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ምን ይሠራል? በክሪስፐር የተሠራው የሲክል ሴል የደም በሽታ ሕክምና ግን ይግባ። በ2023 መጨረሻ ብሪታንያና አሜሪካ የፈቀዱትን ይህን መድኃኒት ከሠሩት ኩባንያዎች አንዱን ከመሠረቱት ሰዎች መካከል ናት።

ለመግቢያው ያዘጋጀሁትን ላንብብላችሁ። «ኢማኑኤል ሻርፓንቲዬ ፈረንሳዊት የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪ ናት። ባክቴሪያ ራሱን ከቫይረስ በሚከላከልበት የክሪስፐር ሥርዓት ውስጥ የትሬሰር አርኤንኤን ሚና በ2011 ከቡድኗ ጋር አሳየች። በቀጣዩ ዓመት ከጄኒፈር ዳውድና ጋር ሆና ይህ ሥርዓት ዲኤንኤን በተፈለገው ቦታ መቁረጥ እንደሚችል አረጋገጠች። ለዚህም ሁለቱ የ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።» ሽልማቱ መጨረሻ ላይ ነው፣ ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት።

የተሰረዘውን አንቀጽ ዛሬ ማታ መልሼ አስገባዋለሁ። መቁረጥ የሚፈልግ ሰው ካለ አስቀድሞ በውይይት ገጹ ላይ ምክንያቱን ይጻፍ። የቪየናውን ዘመን የሚወስድ አንድ ሰው፣ የኡሜኦውን የሚወስድ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። ለዴልቼቫ ሥራ ማጣቀሻ የሚያሰባስብልኝም ያስፈልገኛል። ከዕረፍቱ በኋላ በግራ በኩል ካለው ጠረጴዛ አታጡኝም።

አመሰግናለሁ።