ቁልቋል፣ ቅንጭብና እሬት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከደሴ በሚተላለፈው የጤና ሰዓታችን ስለ አጥር ቁልቋልና መሰሎቹ ደውላችሁ ለጠየቃችሁት፣ እንግዳችን የነበሩት ፋርማሲስት እንዲህ መልሰዋል።

ከኮምቦልቻ፦ የአጥሩ ቁልቋልና በክረምት የምንበላው በለስ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ቆርጠው ይዩት፤ ነጭ ወተት ካንጠባጠበ የአጥሩ ነው፣ አይበላም። በለስ ወተት የለውም፤ ትውልዱም ከወደ ሜክሲኮ ነው።

ከሐይቅ፦ ልጄ እጁ ላይ ኪንታሮት አወጣ። ጎረቤቴ የቁልቋል ወተት ጠብ አድርጊበት አለችኝ።

ተይው እህቴ። ወተቱ ኪንታሮቱን መርጦ አያቃጥልም፤ ጤነኛውንም ቆዳ ያቆስለዋል። ልጅ ደግሞ በዚያው እጁ ዓይኑን ያሻል። የልጅ ኪንታሮት ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ ካስቸገረ የቆዳ ሐኪም ይየው። ወተቱን ከዓይንና ከአፍ አርቁ! ዛሬ ይህን ስለምደጋግም እንዳትሰለቹኝ።

ከኩታበር፦ ትናንት አጥር ስከረክም የቅንጭብ ወተት ዓይኔ ገባ። ታጥቤ ተኛሁ፣ ዛሬ ብሶብኛል።

አባቴ፣ ስልኩን ዘግተው አሁኑኑ ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ለሌሎቻችሁ፦ እንደገባ ወዲያው ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ያለማቋረጥ ይታጠባል። አንድ ሁለቴ ረጨት ማድረግ መታጠብ አይደለም። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊጠና ይችላል። የጡት ወተት፣ ቅቤ፣ ማር ዓይን ውስጥ አይጨመርም። ስትከረክሙም መነጽር አድርጉ።

ከሆጤ፦ ወንድሜን ውሻ ነከሰው፣ ውሻውም ጠፋ። ቤተሰብ የቁልቋል ወተት በጤፍ ሊጥ ለውሶ፣ ጋግሮ ሊያበላው ነው። ያድነዋል?

አያድነውም። አብሽሪ፣ ክትባቱ ይደርስለታል፤ ጊዜውን ግን ቂጣ በመጋገር አታባክኑት።

ቂጣው ምን ያደርጋል? አንጀት ያቃጥላል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ያኔ «መርዙ ወጣ» ይባላል። የወጣው ምሳው ነው! የእብድ ውሻ በሽታ ሆድ ውስጥ አይደለም ያለው። ቫይረሱ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጃል፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይቆያል። «እከሌ ቁልቋል በልቶ ዳነ» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው። የሚናከስ ውሻ ሁሉ አላበደም፤ ያላበደ ውሻ የነከሰውማ ቆሎ ቢበላም ይድናል። ያበደው የነከሰው ደግሞ ለሳምንታት ደህና መስሎ ሥራውን ሲሠራ ይከርማል። ውሃ መፍራት ከጀመረ በኋላ ግን እኔም፣ አዋቂውም፣ ሆስፒታሉም የምናተርፈው ሰው የለም ማለት ይቻላል።

አሁን ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡለት። በርበሬ፣ ቡና፣ የቁልቋል ወተት አይነስነስበት፣ አይቀባበት። ዛሬውኑ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ክትባቱ እዚያ ከሌለ የት እንዳለ ይነግሯችኋል። ውሻ ፍለጋ ቀን አታጥፉ። ድሮ ሰው ለዚህ መርፌ አዲስ አበባ፣ ፓስተር ድረስ ይጓዝ ነበር። ሆድ ላይ መወጋቱን ሰምታችሁ ፈርታችሁ የምትቀሩም አላችሁ፤ አዲሱ ክትባት ክንድ ላይ ነው። ቀጠሮው ሳያልቅ ማቋረጥ የለም።

የባህል መድኃኒት አዋቂዎቻችንን አልንቅም፣ ስለ ዕፅ ብዙ ያውቃሉ። በዚህ ጉዳይ ግን እውነተኛ አዋቂ የምለው የተነከሰውን ሰው ራሱ ይዞ ወደ ክትባት የሚሄደውን ነው።

ከደሴ፦ እሬት ለቃጠሎ ይሆናል?

ከውሃ በኋላ። መጀመሪያ ቃጠሎውን 20 ደቂቃ በቀዝቃዛ ውሃ ያብርዱት። ቀላል ከሆነና ቆዳው ካልተላጠ፣ የተቆረጠውን ቅጠል አቁመው ቢጫው መራራ ፈሳሽ ይውረድ፤ ታጥቦ ውስጡ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልጉ ይቀባል። ሰፊ ከሆነ፣ ፊት ላይ ከሆነ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ግን ወደ ሐኪም።

ከሐርቡ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሆዴ ደርቆብኛል። እሬት ልጠጣ?

በፍጹም! ያ ቢጫ ፈሳሽ ጠንካራ አስቀማጭ ነው፤ ቁርጠቱም ለአንቺም ለልጅሽም አይበጅም። ውሃና አትክልት አብዢ፤ ካልተሻለሽ ክትትል የምታደርጊበት ቦታ ጠይቂ።

ከቃሉ፦ ፍየሎቼ ቁልቋል ቢበሉስ?

እኔ የሰው ነኝ ወንድሜ፤ የእንስሳት ሐኪም ይጠይቁ። አጥሩን ሲቆርጡላቸው ግን ዓይንዎን!